«አቅም» ወይስ «ወሰን»?

ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ሲነገር ለሽቦውም ለባልቦላውም «አቅም» ማለት ተለምዷል። (ከጣሊያንኛ የመጣውን «ባልቦላ»ን አንነካም፤ ሥራውን የሚያውቅ ቃል ነው።) ለሽቦው ቃሉ ተስማሚ ነው፤ በውፍረቱ ልክ የሚሸከመውን ኮረንቲ ያመለክታልና። ባልቦላው ግን ሽቦው ከልክ በላይ ሳይግል እንዲያቋርጥ የተቀመጠ ዘበኛ ነው።

ገነተ ማርያም ያለች አንዲት እመቤት ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመብራት መስመር ላይ ሰካች እንበል። ምጣዱ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባልና የ10 አምፔሩ ባልቦላ ጥቂት ቆይቶ ይወድቃል። «አቅሙ አንሷል» ስትባል ባለ 25 ታስገጥማለች፤ ከእንግዲህ የሚግለውን ሽቦ የሚታደገው የለም። ያሳታት ቃሉ ነው።

ስለዚህ ለባልቦላው «ወሰን» እንዲባል አሳስባለሁ። «ገደብ»ም ባስኬደ ነበር፤ የቢሮ ደብዳቤ አደከመው እንጂ። ወሰን መግፋት ምን እንደሚያስከትል ግን ለላስታ ገበሬ ማስረዳት አያሻም፤ «የባልቦላው ወሰን ከሽቦው አቅም አይለፍ» ቢባል ወዲያው ይገባዋል።