የጥሩ ኩበት ጠርዝ

ከደሴ ተነስቶ መካነ ሰላምን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚያቀና መንገደኛ በየደጃፉ ክብ ክብ ጉብታ ያያል። ከሩቅ ሲያዩት የጭድ ክምር ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ኩበት ነው፤ ላዩ በእበት ተለስኖ የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃል። የዚህን አገር፣ የቦረናን ደጋ ሴት ባልትና በእንጀራዋና በጠላዋ የሚለካ ብዙ ነው። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚህ ክምር ነው።

ሙያው ያለው ውሃውን አጥፍቶ ቅርጹን በማቆየት ላይ ነው። ትኩስ እበት ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ውሃ ነው። ወፍራም ሆኖ ከተሠራ ላዩ ደርቆ ሆዱ ርጥብ ይቀራል፤ ምድጃ ሲገባ ጭስ እንጂ እሳት አይወጣውም። ከመጠን በላይ ከሳሳ ደግሞ ሲያነሱት ይፈረካከሳል፣ ሲለኩሱትም ምጣዱ ሳይሰማ ያልቃል። በዚህ መካከል ያለውን ውፍረት መለኪያ ይዞ የሚሠራ የለም፤ እጅ ያውቀዋል።

ነዳጅ ማጣሪያዎችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው። ዘይት፣ ውሃና ደለል ተቀላቅሎ በታንከር ሥር የሚዘቅጠውን ጥቁር አተላ ጠጣር ማገዶ ለማድረግ ሲፈለግ ውሃው ይቀነስለታል፤ የከሰል ብናኝ ወይም ሰጋቱራ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ተጨምቆ ቅርጽ ይይዛል። በሰጋቱራ ፋንታ ጭድ፣ በመጭመቂያ ፋንታ መዳፍ አድርጉና የደጋዋን ሴት ሥራ ታገኙታላችሁ።

ጭዱ ግን ዝም ብሎ የሚበተን አይደለም። በአውድማ በከብት እግር የደቀቀው ተመራጭ ነው፤ ረጅሙ ገለባ ከጠርዙ እየወጣ ኩበቱን ይሰነጥቀዋል። እበቱ ከጋጥ ጠዋት ይዛቃል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ ጭዱ ይነሰነስበታል፣ ከዚያ በእግር ይረገጣል። መቡካቱ የሚታወቀው ሲያነሱት ከእጅ ሳይንጠባጠብ፣ ሲጥሉት ሳይበተን ነው። መሬቱ ላይ አመድ ወይም ብናኝ ጭድ ይበተንና እንዳይጣበቅ ይደረጋል። ሁለት እጅ ሙሉ ታነሳለች፣ ታድቦለቡላለች፣ ታሳርፈዋለች፣ በመዳፏ እየመታች ታሰፋዋለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። ጥሩ እጅ ያላት ግን አንድ ዙር ይቀራታል፦ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዙሪያውን እየተጫነች ትሰበስበዋለች። መሰንጠቅ የሚጀምረው ከጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ከመሐሉ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ርጥቡ መሐል ደግሞ አልከተልም ይላል። ያቺ አንድ ዙር የምትከላከለው ይህን ጉተታ ነው። የአምስቱ ጣት አሻራ ላዩ ላይ ሰፍሮ ይደርቃል፤ ውበት ካላችሁት ውበት ነው፣ ማንም ለውበት ብሎ ባያደርገውም።

ዋናው የሥራ ወቅት በጋ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐዩ ደረቅ፣ ነፋሱ ብርቱ ነው። ከየካቲት በኋላ በልግ ስለሚያሰጋ የዘገየች ግማሹን በዝናብ ታስበላለች። ላዩ ሲጠነክር ይገለበጣል፣ ሁለተኛው ፊት ሲጠነክር ጥንድ ጥንዱን አስደግፎ ማቆም ነው፣ ነፋስ በሁለቱም በኩል እንዲያልፍ። የደረቀው ሲሰበር ቀጭ ይላል፤ ያልደረቀው ይታጠፋል።

ክምሩ ላይ ስህተት አይደበቅም። ድንጋይ ከታች ይነጠፍና እርጥበት ይከለከላል፤ ኩበቱ ወደ ውስጥ ትንሽ እያዘነበለ፣ የላይኛው የታችኛውን መጋጠሚያ እየሸፈነ ወደ ላይ ይጠባል። በስተመጨረሻ በቀጭን እበት ይለሰናል፤ ነፋስ በማይመታው በኩል ማውጫ ይተውለታል። ሐምሌ ላይ ከዚያ ማውጫ ደረቅ ኩበት የምታወጣ ሴት የጥርን ፀሐይ እያነደደች ነው።

ኩበትን የድህነት ምልክት ብቻ አድርገው የሚያዩ ምጣድ አሰምተው አያውቁም። የእንጨት ነበልባል አንዱን ወገን ያሳርርና ሌላውን ጥሬ ይተዋል። ኩበት በምጣዱ ሥር ተደርድሮ በጭራሮ ሲያያዝ ቀስ ብሎ፣ እኩል ይነዳል፤ የእንጀራው ዓይን ከዳር እስከ መሐል አንድ ዓይነት ይወጣል። ይህን ስል ጭሱን አልረሳሁም፤ በተዘጋ ጎጆ ውስጥ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ማሳውም የሚቀማው ነገር አለ። እበቱ እርሻ ላይ ቢወድቅ ለገብሱ ይሆን የነበረው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበናል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ባለሙያዋም አመዱን ከምድጃ ጠርጋ ከጓሮው ጎመን ሥር ትደፋዋለች።