የዋጋ ክርክርና የስምምነት ቃላት፤ አንድ የተለመደ አስተያየት ሲመረመር

ኮምፕሮማይዝ ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ትክክለኛ አቻ የለውም፤ ቃሉም ስለሌለ ሕዝቡ ከአቋሙ ጥቂት ለቆ መስማማትን አያውቅም የሚል አስተያየት በተማሩ ሰዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አስተያየቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ስለ ቃል፥ ሁለተኛው ስለ ሕዝብ ጠባይ ነው። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩ የፊተኛው የኋለኛውን ያስረዳ ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ለብቻው ሊመረመር የሚገባው ነው።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ እንደሚታሰበው የጠራ አይደለም። ምንጩ ላቲን ሲሆን፥ ጥንት ሁለት ተከራካሪዎች የገላጋይን ፍርድ ለመቀበል በአንድነት የሚገቡትን ቃል ኪዳን ያመለክት ነበር። ከሁለት ወገን ጥቂት ጥቂት መልቀቅ የሚለው ትርጉም የመጣው ኋላ ነው። ዛሬም ያው ቃል የሰውን ክብር ወይም ደኅንነት ለአደጋ ማጋለጥ ማለት ሊሆን ይችላል። ባርጌን የሚለውም እንዲሁ ውልን፥ የዋጋ ክርክርንና በርካሽ የተገኘ ዕቃን በአንድነት ይይዛል። እንግሊዛዊ በሱቅ ውስጥ ዋጋ ሲከራከር ኮምፕሮማይዝ የሚለውን ቃል እምብዛም አያነሣም፤ በመካከል እንገናኝ፥ ወይም ልዩነቱን እኩል እንካፈል ይላል። ከዚህ ተነሥቶ እንግሊዞች ስምምነትን ከውርደት ይቆጥሩታል የሚል ሰው የለም። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ላይ የማይሠራው ዘዴ በአማርኛ ላይ የሚሠራበት ምክንያት አይታይም።

የአማርኛውን አነጋገር ለመመርመር ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ቁልቁል እስከ ቀድሞው ባቡር ጣቢያ የሚወርደው ቸርችል ጎዳና የተመቸ ቦታ ነው። በጎዳናው ላይ መስቀል፥ ሥዕል፥ የሸማ ሥራና አሮጌ ገንዘብ የሚሸጡ ሱቆች ይገኛሉ፤ አገሬውና የውጭ አገር ሰው በየቋንቋቸው ዋጋ ይከራከሩባቸዋል። ከጎዳናው በላይ ያለው አራዳ ደግሞ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፥ ወደ ዛሬው መርካቶ፥ እስኪያዛውሩት ድረስ በጊዮርጊስ አጠገብ የዋናው ገበያ ስፍራ ነበር። አራዳ የሚለው ስም በከተማው ንግግር በቀላሉ የማይታለልን ሰው መጥሪያ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

በእነዚህ ሱቆች የሚሰማው ቋንቋ በተለመደው አስተያየት ላይ ይመሰክራል። ገዢው «መጨረሻው ስንት ነው?» ሲል ክርክሩን ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። ይህንኑ ሻጩ ለእንግዳው «ላስት ፕራይስ» ብሎ ሲተረጉምለት እንግዳው ቃሉን እንደ ቁርጥ ዋጋ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ወይ ይከፍላል ወይ ይሄዳል። ቃሉ ተተረጎመ፤ ሥራው ግን አልተተረጎመም። ገዢው ቅናሽ ሲፈልግ «አስተያየት ያድርጉልኝ» ይላል፤ የቃሉ ሥር ማየት ነውና የሚለመነው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የሻጩ ዓይን ጭምር ነው። ከመስፈሪያው በላይ የሚጨመረው ምርቃት ይባላል፤ ይኸው ቃል የሽማግሌ ቡራኬም ስም ነው። ዘወትር ከአንድ ሱቅ የሚገዛ ሰው ደንበኛ ነው፤ ደንበኛ ማለት ደግሞ ሥርዓት ያለው፥ ትክክለኛ ማለት ነው። ነገሩ የሚያበቃበት ቃል ተስማሙ ሲሆን ሥሩ መስማት ነው፤ እርስ በርስ መሰማማትን በግሡ ቅርጽ ይዞታል። ይህን ሁሉ ቃል ያበጀ ሕዝብ ከአቋሙ መልቀቅን አያውቅም ማለት ያስቸግራል።

ሌላው ስሕተት የገበያውን ንግግር ሁሉ በሰምና ወርቅ መፍታት ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰምና ወርቅን ከቅኔ ቤት አውጥቶ የአማራን ባህል መመልከቻ አደረገው። ከእርሱ ወዲህ ሻጩ የሚጠራው የመጀመሪያ ዋጋ ሰም፥ በልቡ የያዘው ዋጋ ወርቅ ነው ማለት ይቀላል። ነገር ግን የቅኔው ወርቅ አስቀድሞ በገጣሚው ዘንድ አለ፤ ሰሚው ፈልጎ ያገኘዋል። የገበያው ዋጋ ግን በክርክሩ ውስጥ ይወለዳል እንጂ ተደብቆ አይጠብቅም። ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ሞሮኮ ገበያ ሲጽፍ ክርክርን የመረጃ ፍለጋ፥ ደንበኝነትንም የፍለጋውን ድካም ማቃለያ አድርጎ ማየቱ ለዚህ ይበልጥ ይቀርባል። ይሁን እንጂ የእርሱም ትንታኔ ምርቃትንና አስተያየትን ሙሉ በሙሉ አይገልጽም፤ በእነዚህ ውስጥ የሚለዋወጠው መረጃ ብቻ ሳይሆን አክብሮትም ነውና።

የተለመደው አስተያየት ጥቂት እውነት የሚያገኘው ከገበያው ሲወጣ ነው። ዋጋ በሳንቲም ይከፈላል፤ የድንበርና የክብር ክርክር ግን እንዲህ በቀላሉ አይከፈልም። በዚያ የለቀቀ ሰው ተሸነፈ ይባላል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ገብተው «ስለ እኛ ስትል ተው» ይላሉ፤ ባለ ጉዳዩም የሚለቀው ለባላጋራው ሳይሆን ለሽማግሌው ይሆንና ክብሩ ይጠበቃል። በሱቅም ሻጩ «እንዲያው ለእርስዎ ስል» ብሎ ዋጋውን ያወርዳል። ለሰው ሲሉ መልቀቅ የሚለው ሐሳብ በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው፤ የሚለየው የሚለቀቅለት ሰው ነው። በገበያ ነገ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ አለ፤ በሽምግልና ሁለቱም የሚያከብሩት ሦስተኛ ሰው አለ። በፖለቲካ ክርክር ስምምነት ሲጠፋ የጎደለው ቃል ሳይሆን ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በዚህም ምክንያት በመግለጫዎች ውስጥ የተለመደው «ሰጥቶ መቀበል» የሚለው ትርጉም ሊተች ይገባዋል። በአማርኛ ሰዋስው ሰጥቶ ቀዳሚ፥ መቀበል ተከታይ ድርጊት ነው፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ሐረጉ ማን አስቀድሞ ይስጥ የሚለውን ጥያቄ ይወልዳል፤ ብዙ ድርድር የሚሰናከለውም በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ረቂቁን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጀው፥ ክርክርን በስምምነት መጨረስን ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው አንዳንድ ነገር በመተው የሚያደርጉት ውል አድርጎ ይመለከተዋል። የእርስ በርስነቱ አሳብ ተስማሙ በሚለው ግሥ ውስጥ አስቀድሞ ሲኖር፥ የአንድ ሰው ድርጊት በሚመስል ሐረግ መተካቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ከቤቶቹ ጋር የረጅም ጊዜ ደንበኝነትም ተበትኗል። ቁርጥ ዋጋ በወረቀት ላይ የሚለጠፍበት ሱቅ ጊዜ ይቆጥባል፥ አላዋቂውንም ገዢ ከመታለል ያድነዋል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን «ለእርስዎ ስል» የሚባልበት ስፍራ በጠበበ ቁጥር፥ ሳይሸነፉ መልቀቅ የሚለመድበትም ስፍራ አብሮ ይጠባል። የባህል ተማሪ እንግዲህ የእንግሊዝኛን ቃል ይዞ አቻውን በመዝገበ ቃላት ከመፈለግ ይልቅ፥ ማን ለማን በምን ማዕረግ ምን እንዳለና ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደ ለቀቀ እየመዘገበ ቢሰበስብ ይሻላል። ስለ ሕዝቡ ጠባይ የሚሰጠው ፍርድ ከዚያ ሥራ በኋላ የሚመጣ እንጂ የሚቀድም አይደለም።