«የት ደረስህ?»፦ የንባብ ጥያቄ ከጎንደር ጉባኤ ቤት እስከ ፒያሳ

አመሻሽ ላይ የጎንደር ፒያሳ ካፌዎች ሲሞሉ፣ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ያስቀመጠ ሰው «ምን እያነበብህ ነው?» መባሉ አይቀርም። እሱም ሽፋኑን ገልብጦ ያሳያል። ጠያቂው ርእሱንና የደራሲውን ስም አይቶ «ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» ይላል፤ ጨዋታውም ወደ ሌላ ይዞራል። ጥያቄው ከልብ ነው፤ መልሱም እውነት ነው። ንባቡን ግን አልተካፈሉትም።

ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ካቆሙት ከዚህ የከተማ እምብርት ብዙም ሳይርቅ፣ በደብሮቹ ዙሪያ፣ ከእሱ በብዙ የሚቀድም ሌላ የንባብ ሥርዓት አለ። በዚያ ሥርዓት ተማሪ ለተማሪ የሚያቀርበው ጥያቄ ስለ መጽሐፉ ስም ከሚቀርበው ይልቅ ጠለቅ ይላል፤ «የት ደረስህ?» የሚል ነው። በዚህ ዳሰሳ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የሚያነቡትን ለሌላ መንገር በእኛ ባህል በንባብ ላይ የተጨመረ ጨዋነት አይደለም፤ የንባቡ ማለቂያ ነው። ይህን ያጣ ጥያቄ ስም ያስተዋውቃል እንጂ መጽሐፍ አያካፍልም።

ማንበብ፣ ማናገር

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «አንበበ» ደግሞ አናገረ፣ እንዲናገር አደረገ ይሆናል። አማርኛው «አነበበ» የዚህ ልጅ ነው። ስለዚህ አንባቢ ማለት በሥረ ቃሉ ዝም ላለው ብራና አፍ የሚሰጥ ሰው ነው። የሚናገር ካለ የሚሰማ መኖር አለበትና፣ ቃሉ ራሱ ሁለተኛ ሰው ይጠራል።

የንባብ ቤቱ ሥርዓትም ከዚህ ጋር የተስማማ ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ በመልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ወደ ዳዊት ይሻገራል። በየደረጃው የንባቡ ድምፅና ፍጥነት ይለያያል፤ በአንዱም ደረጃ ግን ዝምታ የለም። ልጆቹ ሁሉም በየቦታቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ቀደም ያለው ለጀማሪው ያስቀጽላል። ማንም የት እንደደረሰ መደበቅ አይችልም፤ ድምፁ ያለበትን ገጽ ይናገራልና። ንባቡን የፈጸመው ልጅም «ዳዊት ደገመ» ይባላል። ደጋግሞ ያሰማው ነገር የሱ ሆነ ማለት ነው።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ድምፅ ሳያሰማ፣ ምላሱንም ሳያንቀሳቅስ ሲያነብ አይቶ መገረሙን ጽፏል። ዝም ብሎ ማንበብ በሌላውም ዓለም ሰውን የሚያስደንቅበት ጊዜ ነበር። ልዩነቱ፣ የድምፅ ንባብ በእኛ ዘንድ እስከ ዛሬ ያለ ሕያው ትምህርት ቤት መሆኑ ነው።

አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ አንባቢ

ጎንደር በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ ስሟ የገነነ ነው። በትርጓሜው ጉባኤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚባሉ አራት ክፍሎች አሉ። ብራና ውድ ነው፤ ቆዳውን መፋቅና መወጠር፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ መጻፍ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ በጉባኤው መካከል የሚኖረው አንድ መጽሐፍ ሲሆን ዙሪያውን የሚቀመጠው ግን ብዙ ሰው ነው። ተማሪው ተራው ሲደርስ ትናንት ከቆመበት ቀጥሎ ያነባል፤ የኔታ ትርጓሜውን በቃላቸው ያወርዳሉ። መምህሩ ዓይነ ስውር ሲሆኑም ጉባኤው አይታጠፍም። የተማሪው ዓይን ለመምህሩ ያነባል፣ የመምህሩ ልብ ለተማሪው ይተረጉማል። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ትምህርታቸው ሁሉ በጆሮ ገብቶ በአፍ የወጣ ነው።

የጉባኤ ቤቱ ግሶች ለዚህ ምስክር ናቸው። ተማሪ ሐዲስ «ሄደ»፣ ትርጓሜውን «ዘለቀ» ይባላል። ሁለቱም የመንገድ ቃላት ናቸው። መጽሐፍ እንደ ዕቃ የሚያዝ ሳይሆን እንደ አገር የሚኬድበት ሆኖ ይታያል። መንገደኛን ደግሞ የት እንደደረሰ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ፣ ዳገቱ የቱ ጋ እንደከበደው ይጠይቁታል እንጂ የመንገዱን ስም ጠይቀው አይለቁትም።

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ስጦታ ግን «አንድም» የምትለው ቃል ናት። አንዱ ፍቺ ከተነገረ በኋላ «አንድም» ተብሎ ሌላው ይከተላል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም፣ ጎኑ ይቀመጣል። የጎንደር ትርጓሜ ራሱ በላይ ቤትና በታች ቤት የተለያየ ነው፤ ትውፊት የታች ቤቱን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ያያይዘዋል። ሁለት ቤቶች አንድን መጽሐፍ እያነበቡ ልዩነታቸውን በስም ጠብቀው ኖረዋል። ስለ ንባብ መነጋገር ምን ሊመስል እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የእኔን ንባብ ያቀረብሁት ያንተን ለመስማት ነው፤ የሁለታችንም ይቆያል።

መጽሐፍ ከጉባኤው ሲለይ

በፋሲል ግቢ ውስጥ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. የነገሡት የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባል ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። ግንቡ አለ፤ መጽሐፍ ግን የለበትም። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያስበዘብዙ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጓዙ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ወሰዳቸው፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ሆኑ። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝርዝር እያንዳንዱን በቁጥር፣ በመጠን፣ በይዘት መዘገበ።

ዝርዝሩ የትጋት ሥራ ነው፤ ተመራማሪ ሁሉ ባለዕዳው ነው። ለጥያቄያችን ግን አንድ መራራ ነገር ያስተምራል። በለንደን መደርደሪያ ላይ «ይህ ምን መጽሐፍ ነው?» ለሚል ጥያቄ የተሟላ መልስ አለ። «የት ደረሳችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጠፍቷል፤ ሲያነቡት የነበሩት ሰዎች ጎንደር ቀርተዋልና። ብራናው ተርፎ ጉባኤው ሲቀር መጽሐፉ ወደ ዝምታው ይመለሳል። የመጻሕፍቱን መመለስ የምንጠይቀው የሀብት ጉዳይ ብቻ ስለሆነ አይደለም። አፍ የሚሰጣቸው ሰው እዚህ ስላለ ነው።

ድምፅና ዝምታ በማተሚያ ዘመን

ማተሚያ ቤትና ዘመናዊ ትምህርት ዝምተኛውን አንባቢ አመጡልን። የድምፁ ልማድ ግን አልሞተም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አባቶች ጭምር የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ አብረው ተከታተሉ። ሁሉም ሰሚ በአንድ ቀን አንድ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። ጎረቤት ለጎረቤት ያመለጠውን ሲነግር «ትናንት የት ላይ ቆመ?» የሚለው የጉባኤ ቤት ጥያቄ በየግቢው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የልቦለዱ ፍቅር ራሱ የሚጀምረው በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ሲገባ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ ላይ ማጎንበሳቸው ሕይወታቸውን ለወጠው።

ጥያቄው የሚያስፈራበት ዘመንም ነበር። የበዓሉ ግርማ ልቦለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። አምልጠው የወጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ምን እያነበብህ ነው?» የሚለው ቃል ከወዳጅ አፍ ሲወጣ የመተማመን ምልክት፣ ከማይታወቅ ሰው ሲመጣ የምርመራ መጀመሪያ ነው። የዛሬው የፒያሳ አጭር መልስ፣ ሽፋን አሳይቶ ዝም ማለት፣ ከዚያ ጥንቃቄ የወረስነው ነገር ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ስም መናገር አያስጠይቅም፤ የት ላይ እንደተነካሁ መናገር ግን ራስን መግለጥ ነው።

የነፃነት ጥያቄ

ለዚህ ሐሳብ የሚገባው ተቃውሞ አለ፤ በቁም ነገር መታየትም ይገባዋል። ጉባኤ ቤቱ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። እማሆይ ገላነሽን በአድናቆት የምናነሣው እንደሳቸው ያሉ ሴቶች ጥቂት ስለነበሩ ነው። ተማሪው የሚሄደውን መጽሐፍ የሚመርጠው ሥርዓቱ ነው፤ «አንድም»ም ቢሆን ከመምህር ሲወርድ የመጣ እንጂ ተማሪ እንደፈለገ የሚጨምረው አይደለም። ዝምተኛው ንባብ የሰጠን ነፃነት፣ ብቻን የመምረጥ፣ የመጠራጠር፣ መጽሐፉን አጥፎ የመተው ነፃነት፣ ውድ ነው። ልጃገረድ ከቤተሰብ ዓይን ተሸሽጋ ያነበበችው ልቦለድ ማንም የማይነጥቃት ግዛቷ ነው። ይህን በየኔታ ተራ እንድትለውጠው ማንም ሊጠይቃት አይገባም።

የምጠይቀው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ምርጫው የግል ይሁን፤ ማናገሩ የጋራ ይሁን። ሁኔታውም ወደዚያ ይገፋናል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ንሮ መጽሐፍ መግዛት ለተማሪ ከባድ ሆኗል፤ አንድ ቅጂ በብዙ እጅ ያልፋል። ብራናው ጉባኤ እንዳስገደደን፣ የወረቀቱ ውድነት መዋዋስን እያስገደደን ነው። መዋዋሱ ካልቀረ፣ መጽሐፉን ስናቀብል ያሰብነውንም አብረን ብናቀብል ምን ይከለክለናል?

እንግዲህ ያንን የፒያሳ ጠረጴዛ እንደገና እናስበው። «የት ደረስህ?» ይባላል። አንባቢው ሽፋኑን አያሳይም፤ ጣቱን ካስገባበት ገጽ ላይ ይከፍታል፤ አላልፍ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ከማኪያቶው ጫጫታ በላይ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እንዴት እንደተረዳትም ይናገራል። ወዳጁ ጥቂት ዝም ይላል። ከዚያ «አንድም» ይላል።