የመብረቁ ግልባጭ

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ከምወዳቸው ርዕሶች አንዱ «የደራሲው ሞት» ነበር። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሰነዘረውን ሐሳብ ይዤ፣ «ድርሰት አንዴ ከታተመ የአንባቢ ነው፤ ደራሲውን እርሱት» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ እተነትን ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ደራሲው ከሞተ ገንዘቡን ማን ይወስዳል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልሰጠሁትም።

ይኸው ጥያቄ ሰሞኑን ተመልሶ መጣብኝ። ያመጣው ደግሞ የልጆች ካርቱን ነው። የባለታሪኩ ስም ብላክ ቮልካን ይባላል። ስሙን የማታውቁ አትፈሩ፤ በአገሩ በአሜሪካም ቢሆን የሚያስታውሱት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት ለቀልድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ዲሲ ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ ብላክ ላይትኒንግ፣ በእኛ አፍ ጥቁር መብረቅ፣ የተባለ ልዕለ ሰብ በራሱ ስም በሚጠራ መጽሔት አወጣ። በዚያ ቤት ይህ ክብር የተሰጠው የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ጀግና ነው። ጸሐፊው ቶኒ ኢዛቤላ፣ ሠዓሊው ደግሞ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ትውልደ ጉያናዊ ትሬቨር ቮን ኢደን ነበሩ። ከዚያ በፊት በኩባንያው የታሰበው ሌላ ነበር፦ ጥቁሮችን የሚጠላ አንድ ነጭ፣ ጭንቅ ሲመጣ ወደ ጥቁር ጀግና የሚለወጥበት ታሪክ! ኢዛቤላ ይህ ጉድ እንዲቀር ተከራክሮ ነው ጀፈርሰን ፒርስን በምትኩ ያመጣው።

ፒርስ መምህር ነው። በዴካትሎን የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀ ሰው፣ የሱፐርማን ከተማ ወደሆነችው ሜትሮፖሊስ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ሱፐርማን ከላይ እየበረረ ብዙም ዝቅ ብሎ ወደማያያት የድሆች ሰፈር ነው። ቀን ጠመኔ፣ ማታ መብረቅ። ጭምብሉ ላይ ጎፈሬ ተሰፍቶለታል፤ ጭምብሉን ሲያወልቅ ጎፈሬውም አብሮት ይወልቃል። እሱ ያስቃል። የወንበዴዎች ቡድን ተማሪውን ሲገድልበት የሚሰማው ጸጸት ግን አያስቅም። መጽሔቱ 11 ቁጥር ብቻ ወጥቶ፣ ኩባንያው ብዙ መጽሔቶቹን በአንድ ጊዜ ባጠፈበት በ1978 ተቋረጠ።

በዚያው በ1977 ሃና ባርቤራ የተባለው የካርቱን ድርጅት በኤቢሲ ቴሌቪዥን ለሚተላለፈው «ሱፐር ፍሬንድስ» ጥቁር ጀግና አስፈለገው። ጥቁር መብረቅን ቢወስዱ ለፈጣሪው ድርሻ መክፈል ሊመጣ ነው። ኢዛቤላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ብላክ ቮልካን የተወለደው ይህን ክፍያ ለመሸሽ ነው። ጥቁር ነው፣ መብረቅ ይወረውራል፣ ስሙም «ብላክ» ብሎ ይጀምራል። ግን ሰፈር የለውም፤ ተማሪ የለውም፤ የቤት ስም እንኳ የለውም። ሱሪም የለውም! ባዶ ጭኑን ከሱፐርማን ጎን ይቆማል።

ሲቀዱ ምን እንደተረሳ ልብ በሉ። የተወሰደው የሚታየው ነው፦ ቀለሙና ብልጭታው። የቀረው መምህሩ ነው። በቢሮ ወጋችን እንኳ ግልባጭ ላይ ዋናው ለማን እንደተጻፈ ይጠቀሳል፤ ይህ ግልባጭ ግን ዋናውን ላለመጥቀስ ሲባል የተሠራ ነበር።

ሆኖም ሚዛናዊ እንሁን። ዋናውን ያነበቡት መጽሔት ገዢዎች ናቸው፤ ግልባጩን ግን ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ልጅ ሁሉ አየው። ነጮች በሞሉበት የጀግኖች አዳራሽ የራሱን መልክ ለፈለገ ጥቁር ሕፃን፣ ባስተር ጆንስ የተባለው ተዋናይ በድምፁ ሕይወት የሰጠው ያ ሰው ትንሽ ነገር አልነበረም። ያ ልጅ የተደሰተው በእውነት ነው። ደስታውን «ውሸት ነው» ልለው አልደፍርም። እኔን የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው፤ በተነጠቀ እህል የበላ ልጅ ጠገብኩ ቢል አልዋሸም፤ የእህሉ ባለቤት ግን አሁንም ደጅ ቆሟል።

አስቂኙ ደግሞ በ1979 መጣ። በኮሚክሱ ታላላቆቹ ጀግኖች ፒርስን ማኅበራችን ግባ ቢሉት «አልገባም» አላቸው። ግልባጩ በቴሌቪዥን ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ ነበር!

ኢዛቤላ በ1995 ወደ ገጸ ባሕርይው ቢመለስም ከስምንት ቁጥር በኋላ ተነሣ፤ መጽሔቱም ያለ እሱ ብዙ አልቆየም። ከአሳታሚው ጋር ታርቆ እንደገና የጻፈው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከ2018 እስከ 2021 በታየው ተከታታይ ድራማ ፒርስ ርእሰ መምህር ሆኖ ቀረበ፤ የኢዛቤላና የቮን ኢደን ስምም በፈጣሪነት ተጻፈ። የሠዓሊው ስም መጠራቱን አጥብቄ የማነሳው በምክንያት ነው፤ ስለ ባለቤትነት ስንጮህ እኛ የጽሑፍ ሰዎች ብዙ ጊዜ ብሩሽ የያዘውን እንረሳለን።

ከሁሉም የገረመኝ ሂስ ግን የመጣው ከካርቱኑ ሰፈር ነው። በ2004 «ጀስቲስ ሊግ አንሊሚትድ» በአንድ ክፍሉ፣ ብላክ ቮልካንንና የድሮ ጓደኞቹን የሚያስታውሱ ወጣት ጀግኖችን አሳየ። ተወዳጆች ናቸው፤ ማስታወቂያ ይሠራሉ። በኋላ ግን በቤተ ሙከራ የተመረቱ መሆናቸውን፣ የልጅነት ትዝታቸው ሐሰት መሆኑን፣ አካላቸውም እየፈረሰ መሆኑን ያውቃሉ። እኔ በሦስት ክፍለ ጊዜ የማላስረዳውን በሃያ ደቂቃ ጨረሱት።

ያ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ባገኘው ግን ዕዳዬን እከፍላለሁ፦ ባርት «ሞተ» ያለው ትርጉሙን በብቸኝነት የያዘውን ደራሲ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፍለውን አይደለም። ይህን ልዩነት ያኔ አብጠርጥሬ ማስተማር ነበረብኝ። እሱ ጠየቀኝ፤ እኔ ሳቅሁ።