ቀስ ብሎ መውረድ

ነአኩቶ ለአብ ዓርብ ዓርብ የጌታን ሕማም እያሰበ፣ ዙሪያውን ጦር ተክሎ ይሰግድ ነበር ይላሉ የላስታ አባቶች። ጎንበስ ቀና ባለ ቁጥር ጦሩ ይወጋዋል። ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ፣ የላሊበላ የወንድም ልጅ ነው። በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ፣ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ታንጿል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናን በጠበልነቱ ይጠመቁበታል፣ ይጠጡታል። የንጉሡ በዓል ኅዳር 3 ቀን ይከበራል።

ታሪኩን የሚተርክ ሁሉ ስለ ደሙና ስለ እንባው ይናገራል። እኔን የሚገርመኝ እንቅስቃሴው ነው። በጦር ጫፎች መካከል ዘፍ ብሎ የሚወድቅ ሰው ለሚቀጥለው ዓርብ አይደርስም። ዓመት እስከ ዓመት የሰገደ ሰው ግን አወራረዱን ለክቶ ያውቀዋል። የት ላይ ፈጠን፣ የት ላይ ዘግየት እንደሚል ጉልበቱና ክንዱ ተምረውታል።

ይህ ትምህርት ዛሬም እዚያው ዋሻ ደጃፍ ላይ ይታያል። አንድ ሽማግሌ ሲሰግዱ በቅርብ ቆሜ ተመልክቻለሁ። አማትበው ይጀምራሉ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፤ መቀመጫቸው ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለቱ እጆች ከጉልበት ቀድመው መሬት ይደርሳሉ። ጉልበታቸው ድንጋዩን ሲነካ ድምፅ የለውም። ከዚያ ክንዳቸው ከክርኑ ላይ እየታጠፈ ደረታቸውን ያወርደዋል፤ ግንባራቸው መሬት ላይ ያርፋል። እዚያ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያሉ። ሲነሡ መጀመሪያ መዳፋቸው ይገፋል፤ ቀጥሎ የእግር ጣቶቻቸው መሬቱን ቆንጠጥ ያደርጋሉ፤ ተረከዛቸው ወርዶ መሬት ሲይዝ ወገባቸው ይቃናል። ለመውረድ አራት ሰከንድ ያህል፣ ለመነሣት ሁለት። ላብ ካጠመቃቸው በኋላ የሰገዱት ከመጀመሪያው በምንም አይለይም። አጠገባቸው የነበረው ጎረምሳ በእጥፍ ፍጥነት ይሰግድ ነበር፤ ጉልበቱ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወገቡን ይዞ ቆመ።

ስግደት አምልኮ ነው፤ ወደ ስፖርት ዝቅ ላደርገው አልፈልግም። ነገር ግን የሚሰግደው ሥጋ ነው፤ ሥጋም የራሱ ሥርዓት አለው። እኒያ ሽማግሌ የሚያደርጉትን በጂም ቋንቋ ብንተረጉመው፣ ስኳትና ፑሽ አፕ በአንድ እንቅስቃሴ ተዋሕደው እናገኛቸዋለን፤ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለበት፣ አየሩ ስስ በሆነበት አገር።

ያለ ብረት በገዛ ሰውነቱ ክብደት የሚሠራ ሰው አንድ ችግር አለበት። 65 ኪሎ ከሆነ ነገም 65 ኪሎ ነው፤ እንደ ጂሙ ብረት ሁለት ኪሎ ልጨምር ቢል አይችልም። ሊለውጥ የሚችለው የእጅና የእግሩን አቀማመጥ፣ ብዛቱንና ፍጥነቱን ነው። ብዙዎቻችን የምንመርጠው ብዛቱን ነው። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ የሚሠሩትን ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሃምሳ ለመሙላት የሚጣደፍ ወጣት አይጠፋም። ክርኑ ግማሽ ታጥፎ ይመለሳል፤ ደረቱ መሬት ሳይጠጋ ይነሣል። ሃምሳ ይቆጥራል፤ በትክክል የሠራው ግን አሥር አይሞላም። ይህን ሳይ ያሳዝነኛል፤ ጉልበቱ አለው፣ ፍላጎቱ አለው፣ የጎደለው የሚያዘገየው ሰው ብቻ ነው።

ጡንቻ ሲኮማተር ከሚሸከመው ይልቅ እየተለጠጠ ሲወርድ የበለጠ ይሸከማል። ገፍቶ መነሣት ያቃተው ሰው ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ መውረድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጀማሪም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ደግሞ ከታች ነጥሮ የሚነሣ ሰው፣ ሲወርድ በተለጠጠ ጅማቱና ጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል መልሶ ያስፈነጥረዋል። ታች ላይ አንድ ሁለት ሰከንድ ከቆየ ግን አብዛኛው ይበተናል፤ የሚነሣው ባመዛኙ በጡንቻው ነው። ሽማግሌው ግንባራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው የሚቆዩት ለጸሎት ነው፤ ጡንቻቸው ግን ዋጋውን ይከፍላል።

አሠልጣኞች ይህን ሁሉ በአራት ቁጥሮች ይጽፉታል፤ ለመውረድ፣ ታች ለመቆየት፣ ለመነሣት፣ ላይ ለመቆየት የሚወስደው ሰከንድ በተርታ ይቀመጣል። አውስትራሊያዊው ኢያን ኪንግና ካናዳዊው ቻርልስ ፖሊኩዊን ያስፋፉት አጻጻፍ ነው። በዚህ ስሌት የሽማግሌው ስግደት 4-2-2-1 ገደማ ይሆናል። መስቀል አደባባይ ያለው ወጣት ቢጻፍ 1-0-1-0 ነው።

እንዲህ ስል ሁሉም ነገር በተንቀራፈፈ ቁጥር ይሻላል ማለቴ አይደለም። ተመራማሪው ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ አንዱ ድግግሞሽ ከግማሽ ሰከንድ እስከ 8 ሰከንድ ቢወስድ፣ እስከ ድካም ጫፍ እስከተሠራ ድረስ፣ በጡንቻ እድገት ላይ የጎላ ልዩነት አላገኙም። ከ10 ሰከንድ በላይ ሆን ብሎ መጎተት ግን ውጤቱን ሳይቀንሰው አይቀርም። መዝለልና መፍጠን የሚፈልግ ስፖርተኛም ፈጥኖ መነሣትን መለማመድ አለበት። ስለዚህ ፍጥነት የሚመረጠው ለምን እንደምንሠራ አውቀን ነው።

መምረጡን በተመለከተ ከላስታ ሊቃውንት የበለጠ መምህር አላውቅም። አንዱን ዜማ መጀመሪያ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል በቁም ይሉታል። ቀጥሎ በዝማሜ፣ መቋሚያቸውን እያዘነበሉ ይደግሙታል። ከዚያ በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባል፤ በመጨረሻ በጽፋት እጃቸውን እያጨበጨቡ ያፈጥኑታል። ዜማው ያው ነው፤ በየደረጃው ከሰውነት የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው። ዝማሜው ላይ ጉልበት በዝግታ ይታጠፋል፣ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይሸጋገራል፣ ወገብ ይሸከማል። ጽፋቱ ላይ ሁሉም ይቀላል፣ ሁሉም ይፈጥናል። ያልበሰለ ከበሮ መቺ ቸኩሎ መረግዱን ቢያስሮጠው መሪጌታው በዓይኑ ይገስጸዋል። ለልደት በዓል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በላሊበላው ቤተ ማርያም ቅጥር፣ ማሜ ጋራ ላይ ለቤዛ ኵሉ ዝማሬ የሚሰለፉት ካህናት ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩ ሰዎች ናቸው፤ ሰልፉ ግን አንድ ሆኖ ዝቅ ይላል፣ አንድ ሆኖ ይነሣል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ዝግታ ነው፤ ጠዋት ላይ ደክሞት ሳለ ያልቸኮለ ሰው ሙያው እጁ ገብቷል።

የዚህ ዝግታ ሌላው መለኪያ ሕማማት ነው። በዕለተ ስቅለት ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ይውላል፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የኪርያላይሶን ጸሎት በቀኝና በግራ ወገን ሲመላለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው እንጂ የሰጋጁ ችኮላ አይደለም። ብቻውን የሚሰግድ ደግሞ መቁጠሪያ ይይዛል፤ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለውን። ፍሬውን በጣቱ ሳያሳልፍ ወደሚቀጥለው አይሄድም፤ ያች ቅጽበት ላይኛዋ ዕረፍት ናት። ከትንሣኤ በኋላም እስከ በዓለ ኀምሳ ፍጻሜ ስግደት የለም። ምክንያቱ የትንሣኤው ደስታ ነው፤ ለጉልበትና ለወገብ ግን ሃምሳ ቀን የማገገሚያ ጊዜ ይሆናል።

አንባቢዬ፣ ነገ ጠዋት ስትነሣ ብዛቱን በግማሽ ቀንስ። ፑሽ አፕ ከሆነ ትንፋሽህን እያስገባህ፣ እስከ ሦስት እየቆጠርክ ውረድ፤ ደረትህ መሬት ሊነካ ሲል አንድ ሰከንድ ቆይ፤ እያስተነፈስክ ሳትንጠራወዝ ተነሣ። ስኳትም እንዲሁ ነው። አወራረድህ ከሦስት ወደ አንድ መውረድ ሲጀምር ዙሩን አቁም፤ ከዚያ ወዲያ የምትቆጥረው አይቆጠርም። ትንፋሽህን አትያዝ፤ የደም ግፊት ወይም የጉልበት ሕመም ካለብህ አስቀድመህ ሐኪም አማክር። ስድስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሠርተህ ስትጨርስ፣ ያኔ ፍጥነት ጨምር።