አሮጌ ላንድሮቨር በሊማሊሞ አፋፍ

ደባርቅ ላይ መኪና የሚፈተነው በዳገት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አገሩን አያውቀውም። ከተማዋ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል የመጣ መኪና ከዳገቱ አብዛኛውን ተወጥቶታል። ወደ ሽሬ የሚሄድ ከሆነ ግን ጣጣው ገና ነው። ከከተማዋ ትንሽ እንደ ወጡ ምድሩ ያልቅና ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ይህ ጠመዝማዛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጣሊያን ለመንገዱ የሰጠውን ዋጋ ለማወቅ፣ አፋፉ ላይ ወልከፊት መሽጎ የነበረው ጦሩ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. መሆኑን ማስታወስ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ነጻ ከወጣች ወራት አልፈው ነበር። እዚህ አገር አሮጌ መኪና ለማደስ የተነሣ ሰው «ይነሣል ወይ?» ከማለቱ በፊት «ይቆማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህን የምለው መካኒክ ሆኜ አይደለም። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቱታ ለብሼ ከአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ሥር እተኛለሁ። መኪናው ዳባት አጠገብ በአንድ ገበሬ ግቢ፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ከከብቶቹ ጋር ዓመታት የከረመ ነው። ዶሮ ወንበሩ ላይ ትታቀፍ ነበር። አይጥ የመብራቱን ሽቦ ላስቲክ በልታ ራቁቱን መዳብ አስቀርታለች። ኮፈኑ ሥር የገባው ቅጠል በስብሶ አፈር ሆኗል። እንዲህ ያለ መኪና በሰሜን ጎንደር ብርቅ አይደለም። ለመሥሪያ ቤት፣ ለሚሲዮን ወይም ለዕርዳታ ድርጅት የገባ ላንድሮቨር አገልግሎቱን ሲጨርስ ይሸጣል፤ ገዢው ይሠራበታል፤ አንድ ቀን አንድ ዕቃ ሲሰበርበት «ነገ አሠራዋለሁ» ብሎ ያቆመዋል። እዚያው ይቀራል።

ከመኪናው በፊት ያየሁት ሊብሬውን ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሞተር መለወጥ የተለመደ ስለሆነ፣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ብረቱን በጨርቅ ጠርጎ በዐይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ካልገጠመ የቱንም ያህል ቢያምር መኪናው የጓሮ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ነው። እንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ታድል ስለነበር፣ ሠሪዎቹ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅልቅል፣ ሻንሲውን ደግሞ ከብረት አደረጉት። ይህ ውሳኔ ዛሬም ገዢ ያሳስታል። አካሉ አይዝግምና በውሃ ሲታጠብ መኪናው ደኅና ይመስላል። ሻንሲው ግን ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን መሰል ብረት ስለሆነ ዝገቱ የሚጀምረው ሰው ከማያየው ከውስጥ ነው። የክረምት ጭቃ በየቀዳዳው ይገባል፤ ከከብት ጋር ላደረ መኪና እበቱና ሽንቱ ይጨመርበታል። አሉሚኒየሙም ቢሆን ከብረት ቡሎን ጋር በተነካካበትና እርጥበት ባገኘበት ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል፤ መልሶ ሲገጠም በሁለቱ መካከል ስስ ጎማ ወይም ወፍራም ቀለም መግባት አለበት።

የሻንሲ ምርመራ ትንሽ መዶሻና ጆሮ ይፈልጋል። ጤነኛው ብረት ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በኔ መኪና የኋለኛው ባሌስትራ ከሚታሰርበት አጠገብ መዶሻው ብረቱን በስቶ ገባ። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ፣ ከዚያ ውፍረቱ እኩል በሆነ ብረት መበየድ። ዝገት ላይ የተበየደ ላሜራ ከአንድ ክረምት አያልፍም። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታል፤ የቤንዚን ታንኩም ወርዶ ከግቢ ይወጣል። ባዶ ነው ተብሎ የሚተው ታንክ ነው ይበልጥ የሚፈነዳው፤ በውስጡ ጋዝ አለና።

ከሻንሲው ቀጥሎ ፍሬን ነው። የድሮው ላንድሮቨር አራቱም ጎማ ላይ የታምቡር ፍሬን አለው። ታምቡሩ ሲወልቅ ውስጡ ጥቁር ብናኝ ይገኛል፤ የጥንቱ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ስለነበረበት ይህ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። በጋራዦቻችን እንደሚደረገው በአየር መንፋት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ከሸራው በላይ ጫማውን ወደ ታምቡሩ የምትገፋው ትንሽ ሲሊንደር አለች። ዓመታት በቆመ መኪና ውስጥ የፍሬን ዘይቱ ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ፒስተኗን እዚያው ያጣብቃታል። ከወጣች በኋላ ሲሊንደሯን በጨርቅ ጠርጎ ጥፍርን በውስጧ ማሳለፍ ነው። ጥፍር ሳይደናቀፍ ካለፈ አዲስ ላስቲክ ይበቃታል። ዝገት የበላው ጉድጓድ ጥፍር ከያዘ ግን ሲሊንደሯ መለወጥ አለባት፤ አዲስ ላስቲክ ቢገባላትም ዘይት ታፈሳለች።

ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን ካላችሁ፣ የድሮው ላንድሮቨር የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ነው። የዛሬ መኪና አንዱ መስመር ቢበጠስ በሌላው ይቆማል። ይኼኛው ግን ከአራቱ ጎማ በአንዱ በኩል ዘይት ካፈሰሰ አራቱንም ያጣል። ሌላም አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል፤ በረጅም ቁልቁለት ታምቡሩ ሲግል ውሃው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። መኪናው ዳር ይዞ ቆሞ ሲበርድ ፔዳሉ ወደ ቦታው ስለሚመለስ፣ ብዙ ሰው ችግሩ ያለፈ መስሎት ጉዞውን ይቀጥላል። ለሊማሊሞ የሚዘጋጅ መኪና አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ፣ ክዳኑ ዕለቱን በተከፈተ አዲስ ዘይት መሞላት አለበት። በግማሽ የቆየ ቆርቆሮ አይታመንም።

የእጅ ፍሬኑም የራሱ ጠባይ አለው። ጎማዎቹን አይዝም፤ ከካምቢዮው ጀርባ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ስለዚህ መኪናው እየሄደ መሳብ የለበትም። የሚገድለው ግን ሌላ ነገር ነው፦ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሣ ዲፍሬንሻሉ ሌላውን ጎማ ስለሚለቀው የእጅ ፍሬን ተስቦም መኪናው ይንሸራተታል። ከዚህ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው በመሬት ላይ ባሉት ጎማዎች ታኮ ሳያደርግ አይግባ።

ከፍሬን ጋር አብሮ የሚታሰበው ማርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከወጣው ሦስተኛው ተከታታይ በፊት የተሠሩት ላንድሮቨሮች አንደኛና ሁለተኛ ማርሻቸው ራሱን አያስማማም፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ረግጦ፣ በመካከሉ ነዳጅ ሰጥቶ፣ የጥርሶቹን ፍጥነት በጆሮው አስማምቶ ነው የሚያስገባው። በሜዳ ይህ ደስ የሚል ችሎታ ነው። ቁልቁለት መካከል ላይ ግን ማርሹ አልገባም ቢል መኪናው ዜሮ ላይ ይቀራል፤ ሞተሩም ከዚያ በኋላ አይዘውም። በኤንትሬ የጭነት መኪና ሊማሊሞን ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ የደባርቅ አሮጌ ሾፌሮች ሕጋቸው አጭር ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ማርሹንም አፋፉ ላይ ምረጥ። አንዱን ሽማግሌ «ጋሼ፣ መካከል ላይ መቀነስ ካስፈለገኝስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ካስፈለገህ ዘግይተሃል፤ ቁመህ ቀንስ» አሉኝ። የሚቆመው ደግሞ ፍሬኑ ካለ ነው። ቀዩን ማንሻ ስቦ ዝቅተኛውን ማርሽ ማስገባትም የሚቻለው መኪናው ቆሞ ነው።

ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት ሞተር አራተኛ ነው። የነከሰ ሞተርን በገመድ እየጎተቱ ለማስነሣት መሞከር ፋሻውን መስበር ነው። ካንዴላዎቹን አውልቆ በየቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅሎ ማፍሰስ፣ ለጥቂት ቀናት መተው፣ ከዚያ ከፊት በሚገባው በእጅ መዘወሪያ ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ይሻላል። ሞተሩ የቀለለ ዕለት የፑንቲናውን ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ማድረግና የካንዴላ ገመዶቹን በ1-3-4-2 ተራ ማሰር ነው። በታንኩ ውስጥ የቀረው አሮጌ ቤንዚን ግን ወደ ሙጫነት ተለውጧልና ጠብታው እንኳን ወደ ካርቡራተር እንዳይደርስ።

ቀሪው ከከፍታው ጋር ያለ ሥራ ነው። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 70 ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር የቤንዚኑን ልክ ሳይቀንስ ሲቀር ቃጠሎው ይታፈናል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፤ ጭስ ይጠቁራል፤ በወረፋ የተገኘ ቤንዚን ያልቃል። መፍትሔው ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ በአነስተኛዋ መተካት ነው። ልኳ ግን መደራደርን ይጠይቃል፦ ከደባርቅ ተነሥቶ በጨነቅ በኩል ወደ 4,200 ሜትር የሚደርሰውን የቧሂት በር የሚሻገር መኪናና ዛሪማ የሚወርድ መኪና አንድ ቀዳዳ አይበቃቸውም። እኔ ለደባርቅ አስተካክዬ ወደ ቆላ ስወርድ ሞተሩን አላስጨንቀውም። ውሃውም እንዲሁ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላ የቀቀለ የደጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ አለበት፤ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር ዳገቱን አይጨርስም።

በኤሌክትሪኩ በኩል አንድ ማስጠንቀቂያ ይብቃ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከወጡት ላንድሮቨሮች ብዙዎቹ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፋቸው ፖዘቲቩ ነው። ይህን ያላወቀ ወጣት ኤሌክትሪሽያን እንደ ለመደው ካሰረው ዲናሞውንም ሽቦውንም ያቃጥላል። ባትሪ ከመግባቱ በፊት መኪናው እንዴት እንደ ተሠራ መርምሮ ኮፈኑ ሥር በቀለም መጻፍ ብልህነት ነው።

ዕቃ ፍለጋው የራሱ ዓለም አለው። ለቶርኖ ጎንደር መውረድ ግድ ነው፤ ለመለዋወጫ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ፤ እዚያ የጠፋውን ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞ ይመጣል። አሮጌውን ዕቃ ሳይዙ ዕቃ መግዛት አይቻልም፤ የላንድሮቨር ዕቃ ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ ሻጩ የሚያምነው በእጁ የያዘውን ነው።

ቀለም መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የሚያድሱ ወዳጆች አሉኝ፤ ቮልስ በከተማው ሰው ልብ ያላትን ቦታ ማንም ያውቃል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነበር። እነሱ ከቀለምና ከኒኬል ቢጀምሩ አልፈርድባቸውም፤ መኪናዋ የምትታየው በአደባባይ ነው። የኔን ግን ስቱኮ አላስነካሁትም። ፓራፋንጎው ላይ ያለው ጥርምስ እንደ ነበረ ነው። ስቱኮ ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ ከሥሩ ያለው ነገር ደግሞ ሲብስ አይታይም።

ይህ ሁሉ ድካም ለትርፍ አይደለም፤ ሒሳቡ ግን ከድሮው ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ከእንግዲህ አሮጌ መኪና የምናገኘው አገር ውስጥ ካለው ብቻ ነው። በየግቢው የቆመው እየተቆራረጠ ለቁራሌው በኪሎ ከተሸጠ ነገ የሚተካው የለም።

ስለዚህ በዳባት፣ በደባርቅ ወይም በሌላ ደጋ ግቢያችሁ ውስጥ የቆመ መኪና ካላችሁ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ባታሠሩትም እንኳን ከከብቶቹ ለዩት፤ ጎማዎቹን ከመሬት አንሡት፤ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት ጨምሩበት። ሁለተኛ፣ ለማሠራት ከወሰናችሁ ተራውን አታዛቡ፦ ሻንሲ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ሞተር፣ መብራት፣ ቀለም። ቀለም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አራቱንም ታምቡር አስከፍታችሁ በዐይናችሁ እዩ።