«መቅዳት» እና «መቅረጽ»፦ በአንድ የቪዲዮ መቅረጫ መምረጫ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ታስቦ ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ አንድ አነስተኛ መመሪያ ነው። መመሪያው የሚያስረዳው፣ የዲጂታል ኬብል ቴሌቪዥን ደንበኛ የሆነ ቤተሰብ ፕሮግራሞችን በቤቱ ለመቅረጽ ምን ዓይነት መሣሪያ ቢገዛ ወይም ቢከራይ እንደሚሻለው ነው። የተርጓሚው ስም አልተጻፈበትም፤ ቢጻፍበትም ባልጠቀስነው ነበር፤ የምንመዝነው ቃላቱን እንጂ ሰውየውን አይደለምና። መመሪያው በተዘጋጀበት ጊዜ በገበያ ላይ የነበሩት መሣሪያዎች ዛሬ አብዛኞቹ አርጅተዋል። ቃላቱ ግን ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው እየተላለፉ በአገልግሎት ውሎች ውስጥ ሳይቀር ስለሚገኙ፣ ወደ መዝገበ ቃላት ከመግባታቸው በፊት ሊፈተሹ ይገባል እንላለን።

ተርጓሚው የገጠመውን ችግር ለመረዳት ስለ ነገሩ ጥቂት ማወቅ ያሻል። ቀደም ሲል የቪዲዮ ዴክ ከኬብሉ ጋር በቀጥታ ይያያዝና በራሱ መቃኛ ጣቢያ መርጦ ይቀርጽ ነበር። ዲጂታል ኬብል ሲመጣ ጣቢያዎቹ ተመስጥረው መላክ ስለ ጀመሩ፣ ዴኩ ኩባንያው በሚያከራየው ሪሲቨር በኩል የሚደርሰውን፣ ያውም ሪሲቨሩ የተከፈተበትን አንድ ጣቢያ ብቻ ለመቅረጽ ተገደደ። የአሜሪካ ኮንግሬስ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ ደንበኛው መሣሪያውን ከኬብል ኩባንያው ውጭ ከገበያ ለመግዛት እንዲችል ታስቦ አንድ ድንጋጌ ገብቶ ነበር። ከዚህ የተነሣ ምስጢር ፈችውን ክፍል ከመሣሪያው የሚነጥል ካርድ ተሠራ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮም ኩባንያዎቹ ራሳቸው በሚያቀርቧቸው አዳዲስ ሪሲቨሮች ውስጥ ይህንኑ ተነጣይ አሠራር እንዲከተሉ ግዴታ ተጣለባቸው። ይህ ግዴታ በ2015 ተነሣ፤ ካርዱን ለደንበኛ የማቅረቡም ደንብ በ2020 ተሻረ። ስለሆነም የመመሪያው አንባቢ በጊዜው ሦስት መንገድ ነበረው፦ የኩባንያውን መቅረጫ መከራየት፣ ካርድ የሚቀበል መቅረጫ ገዝቶ ካርዱን ብቻ መከራየት፣ አለዚያም አሮጌውን ዴክ ከሪሲቨሩ ኋላ ማሰር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን «መቅዳት» የሚለው ቃል አጠቃቀም ነው። ተርጓሚው ከቴሌቪዥን ወደ መሣሪያው የሚገባውንም፣ ከመሣሪያው ወደ ዲስክ ወይም ወደ ሌላ መሣሪያ የሚሻገረውንም በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራል። የኬብል ኩባንያዎች ደግሞ በፕሮግራሞቻቸው ላይ የሚልኩት ምልክት አራት ዓይነት ነው፤ አንዱ ያለ ገደብ ይፈቅዳል፣ አንዱ ለአንድ ጊዜ ይፈቅዳል፣ አንዱ ከእንግዲህ ወዲያ አይቻልም ይላል፣ አንዱ ከነጭራሹ ይከለክላል። በትርጉሙ መሠረት እንግዲህ መሣሪያው አንድ ጊዜ መቅዳትን ይፈቅዳል፣ የተቀዳውን መቅዳትን ግን አይፈቅድም። ፕሮግራሙን ይዞ፣ በዲስክ አድርጎ፣ አገር ቤት ላለች እናቱ ሊልክ ያሰበ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይገነዘባል? አንድ ጊዜ ተፈቅዶልኛል ብሎ መሣሪያውን ይገዛል። ያ አንድ ጊዜ ግን መሣሪያው ፕሮግራሙን ገና ከኬብሉ ሲቀበል አልቋል። ቃሉ አሻሚ በመሆኑ ብቻ ሰውየው የማይፈልገውን ዕቃ ገዛ ማለት ነው።

ጥፋቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። እንግሊዝኛው ራሱ መጀመሪያ የተያዘውን ምስል እንደ አንድ ቅጂ ስለሚቈጥር፣ ተርጓሚው የተከተለው ምንጩን በታማኝነት ነው። የበደለውም ይኸው ታማኝነቱ ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው የሰፋ ምርጫ አለው። «ቀዳ» ከግእዙ «ቀድሐ» የመጣ ሲሆን ውኃን ከምንጭ፣ ጠላን ከጋን የሚቀዳ ሰው ሥራ ነው፤ ከእናት መጽሐፍ ወደ ልጅ መጽሐፍ መጻፍም በዚሁ ቃል ተጠርቶ «ቅጂ» የሚለውን ስም ሰጥቶናል። በቃሉ ውስጥ ሁልጊዜ አስቀድሞ የተጠራቀመ ነገር አለ። «ቀረጸ» ግን በእንጨት፣ በድንጋይ ላይ ምልክት የሚያኖር ሰው ሥራ ነው፤ በቦታው ያልነበረውን ያኖራል። «መቅረጸ ድምፅ» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስያሜውም እስካሁን አላሳፈረንም። ስለዚህ ከሥርጭት ወደ መሣሪያ የሚገባው «ይቀረጻል»፣ የተቀረጸው ወደ ሌላ ሲሻገር «ይቀዳል» ቢባል፣ ያ ሁለተኛው ምልክት «መቅረጽ የተፈቀደ፣ መቅዳት የተከለከለ» ተብሎ በአራት ቃላት ይገለጻል። ቍጥሩ ራሱ አያስፈልግም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው፣ ሕዝቡ «ከቴሌቪዥን ቀዳሁት» ይላል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ይህን ከአፉ ልንነጥቀው አንሻም፤ በመመሪያና በውል ግን ልዩነቱ ገንዘብ ያስከፍላል። ሁለተኛው ይበልጥ የሚከብድ ነው፦ «መቅረጽ» ዛሬ በካሜራ ፊልም ማንሣትንም ይጨምራል። ለዚህ የተሟላ መልስ የለንም። ካሜራ በሌለበት ጽሑፍ ውስጥ አንባቢው አይሳሳትም ብለን እናምናለን፤ ካሜራና መቅረጫ አብረው በሚጠቀሱበት ግን «ማንሣት» የሚለውን ለካሜራው መተው ይሻል ይሆናል። «መገልበጥ» የሚለውንም አይተነዋል፤ የፈተና ኩረጃ ስለሚሸትበት ትተነዋል።

ስለ መቃኛው ደግሞ እንመልከት። ተርጓሚው ይህን ክፍል «ተቀባይ» ብሎታል፤ ሪሲቨሩንም «ተቀባይ» ብሎታል። ስለዚህ ሁለት ተቀባይ ያለው መቅረጫ ሲል አንባቢው በቴሌቪዥኑ ሥር ሁለት ሣጥን ሊቀመጥ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ክራር የሚቃኝ፣ ሬዲዮ የሚቃኝ ሕዝብ «መቃኛ» የሚለውን ቃል ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ «ባለ ሁለት መቃኛ» ቢባል ሁለት ጣቢያ በአንድ ጊዜ እንደሚይዝ ይገባዋል። ይህም ከካርዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የመጀመሪያው ዓይነት ካርድ የሚፈታው አንድ ጣቢያ ብቻ ስለ ነበረ ባለ ሁለት መቃኛው መሣሪያ ሁለት ካርድ ይሻ ነበር፤ በኋላ የመጣው ግን እስከ ስድስት ይፈታል። ካርዱን «የቁልፍ ካርድ» ማለቱን ግን እናመሰግናለን፤ ከዚህ የተሻለ አናውቅም። «የላይ ሣጥን» ማለቱን አንቀበልም፤ ቴሌቪዥኑ እንደ ሰሌዳ ከሳስቶ ላዩ ላይ ምንም በማይቆምበት ጊዜ ሳይቀር እንግሊዝኛው የድሮ ስሙን ይዞ ቢቀር የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኛ «ሪሲቨር» አለን።

የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በአምስት ድምፅ በአራት፣ ፕሮግራምን በኋላ ለማየት በቤት መቅረጽ ሕጋዊ ነው ብሎ የወሰነበትን ነገር ተርጓሚው «ጊዜን ማዛወር» ይለዋል። ጊዜ አይዛወርም። «አቆይቶ ማየት» ቢል ኖሮ ማንም ይገባው ነበር።

በሰዓት ላይ የተሠራው ስሕተት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ ገጽ ላይ የእንግሊዝኛው ምሽት 8 ሰዓት እንደ እኛ አቈጣጠር «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ተብሎ በትክክል ተመልሷል፤ በሌላው ገጽ ላይ ግን እንዳለ «ከምሽቱ 8 ሰዓት» ተብሎ ቀርቷል። በመሣሪያው መስኮት ላይ የሚታየው 8 ነው። የመጀመሪያውን ገጽ አምኖ 2 ብሎ የሞላ ሰው ከስድስት ሰዓት በፊት፣ ቀን በስምንት ሰዓት የሚተላለፈውን ሌላ ፕሮግራም ቀርጾ ያገኛል። በበኩላችን በመሣሪያ ላይ የሚነካ ቍጥር ሁሉ መሣሪያው እንደሚያሳየው በአሃዝ ይጻፍ፣ የእኛ ሰዓት ደግሞ አጠገቡ በፊደል ይጻፍ እንላለን።

«ሜጋቢት» እና «ሜጋባይት»ም በትርጉሙ ውስጥ አንድ ሆነዋል። ልዩነታቸው ስምንት እጥፍ ነው። በአሜሪካ አንድ የአየር ዲጂታል ጣቢያ በሴኮንድ እስከ 19.39 ሜጋቢት ይልካል፤ በዚህ መጠን አንድ ሰዓት ወደ 8.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ 160 ጊጋባይት ያለው መቅረጫም 18 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ቃሉ «ሜጋባይት» ተብሎ ከተነበበ ግን ያው መቅረጫ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

በመጨረሻ የምናነሣው ከዚህ መመሪያ በኋላ የመጣውን ነው። ዛሬ ብዙ አገልግሎት ሰጪዎች የተቀረጸውን የሚያስቀምጡት በደንበኛው ቤት ሳይሆን በራሳቸው ማእከል ነው። በቅርቡ ያየናቸው የውል ትርጉሞች ለዚህ ደንበኛው «አስቀረጸ» ይላሉ፤ በሰዋስው ረገድ ያምራል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በኬብልቪዥን ጉዳይ፣ ቅጂውን የሠራው ቍልፉን የተጫነው ደንበኛ እንጂ ኩባንያው አይደለም ብሎ ፈርዷል። «አስ-» የሚለው ምዕላድ ሠሪውን ወደ ኩባንያው ያዞረዋል፤ ፍርዱ ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። ስለሆነም በሕግ ነክ ጽሑፍ «ቀረጸ» እንዲባል ሐሳብ አቅርበናል፤ ከመካከላችን «አስቀረጸ»ን የሚደግፉ ግን አሁንም አሉ።